ከተከዜ በታች የቀረው አድማሱ

ኪሮሴ፣ የኔ ጌታ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። ጣሪያችን ማፍሰሱን ትቷል። ሔዋናችን በቁመት በልጣኛለች፤ ምላሷማ ያው የአባቷ ነው፣ መቀመጫ አሳጥታኛለች።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ መጽሐፍህ ነው። ሁለት ክፍል ጽፈህ ሦስተኛውን ሳትጀምር የሄድክበት፣ ባለታሪኩ አድማሱ የገባበት፣ የዚያ ከተከዜ ወንዝ ውኃ በታች ያለ ከተማ ታሪክ። ሰይድ ጨረሰው! ጓደኛህ ባለሱቁ ሰይድ፣ መጽሐፍህን ከሳሙናና ከስኳሩ ጎን ደርድሮ ይሸጥልህ የነበረው። ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ሲጽፍ ከረመና ሦስተኛውን ክፍል አሳተመ።

ሰቆጣ ለሁለት ተከፈለች ብልህ ታምነኛለህ? ግማሹ እውነተኛው መጨረሻ ይሄ ነው ይላል። ግማሹ ደግሞ ባለቤቱ ሳይኖር የተጻፈ አይቆጠርም ብሎ ሰይድ ሱቅ መግባት ተወ። ሰይድም ከፋው፤ ሰው መሸሽ ጀመረ። በመጨረሻ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላኩብኝ! የድንበርና የትዳር ጠብ የሚያበርዱት ትልልቅ ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ሳሎናችን ተደረደሩና፣ አድማሱ ከውኃው ከተማ ወጥቷል ወይስ አልወጣም አሉኝ። ብትኖር በሳቅ ትፈርስ ነበር።

እኔም ሁለቴ አንብቤዋለሁ። የሚገርመኝ፣ ሰይድ አድማሱን ሲቆጣ በኽምጣኛ እንዲራገም፣ ሊዋሽ ሲል ጆሮውን እንዲያክ አድርጎታል። አንተ እንዲያ አልጻፍከውም፤ ያ አንተው ራስህ ነህ። ለካ ሲያይህ ኖሯል! አንዳንዱን ገጽ ታዲያ የማን ነው ልበል? እስቲ አንተ ንገረኝ።

በሰይድ መጽሐፍ አድማሱ ይመለሳል፤ ሚስቱ ደጅ ላይ ቆማ ትቀበለዋለች። አንተ ግን ያኔ ከጋዝጊብላ ገበያ ስንመለስ፣ አይመለስም፣ እዚያው ይቀራል ብለህ ለእኔ ብቻ ነግረኸኛል። ምን አድርጋህ ነው ሚስቱን የምትቀጣት ብዬ ቤት እስክንገባ አኮረፍኩህ።

ሽማግሌዎቹ አፍ አፌን ሲያዩኝ ይሄው ትዝ አለኝ። ወጥቷል፤ የሰይድ መጨረሻ ይቆጠራል አልኳቸው። ኪሮስም ያሰበው እንደዚሁ ነበር ብዬ ዋሸሁ። መርቀውኝ ወጡ። ሰይድ ሲነግሩት አለቀሰ አሉ።

አትቆጣኝ፣ የኔ ጌታ። አንተ ቀርተህብኛል፤ አድማሱ እንኳ ቤቱ ይግባ ብዬ ነው። ያንተን መጨረሻ እኔ ይዤዋለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አንዲት ቃል አትጠፋብኝም።

ዛሬም ደጅ ደጁን የምታየው
ሚስትህ ታንጉት