በሱቁ መስኮት የተሰቀለው ፎቶግራፍህ

ታፈሰ ሆዴ፣

አዋሽ ላይ የያዘህ ወባ በሞት ከለየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ልደታ ያለችው ቤታችን ደህና ናት፤ ጣሪያዋን አስጠግኛለሁ። ልጃችን አስካለ አድጋለች፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት። ሥራህን እኔ ይዣለሁ፤ አቃቂ ወርጄ በሸምበቆህ ዓሣ አጠምዳለሁ። ሴት ዓሣ አታጠምድም ያሉኝ ነበሩ፤ አልሰማኋቸውም።

ሰንጋ ተራ አንድ ጣሊያን የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ከፍቷል። የሚያብረቀርቅ ዘንግ፣ ለዓሣ ማታለያ ከላባ የተሠራ ዝንብ በከፋይ በተለበጠ ሣጥን ይሸጣል። ያንን ያልያዘ እንደ ሰው አይቆጠርም። ጓደኛህ በየነ እንኳ ገዝቶ፣ ሸምበቆ ከያዘ ሰው ጎን መቀመጥ ትቷል። አንተ የዶሮ ላባ መንጠቆው ላይ በክር ስትጠመጥም አጠገብህ ሆኖ ይማር የነበረው በየነ።

በፍልሰታ ሰሞን በዚያ ሳልፍ መስኮቱ ላይ አየሁህ። ያንን ትልቅ አምባዛ ይዘህ ከበየነ ጋር የተነሣኸው ፎቶግራፍ ነው፤ በየነ የራሱን ቅጂ ሰጥቷቸው አሳድገው ሰቅለውታል። ሸምበቆህን ግን በቀለም አጥፍተው የሱቁን ዘንግ አስይዘውሃል።

ገባሁና "ባሌ ነው፤ አውርዱልኝ" አልኩ።

ባለሱቁ በአስተርጓሚው በኩል "ባልሽን ጌታ አደረግነው፤ ምን አስከፋሽ?" አለኝ።

"ባሌ ይህን ዘንግ ነክቶት አያውቅም" አልኩት።

ካራቢኜሪ የሚሏቸውን ፖሊሶቻቸውን እጠራለሁ ብሎ ዛተብኝ። ፈራሁ፤ አልዋሽህም። ግን ደጁ ላይ ተቀምጬ ለሚገባው ሁሉ ያንኑ ቃል እደግም ጀመርኩ። በማግስቱም ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ በየነ ብቅ አለ። ፎቶግራፉ ላይ እሱም ስላለ ሰው ሁሉ ሲያየው ጊዜ አንገቱን ደፍቶ "እውነቷን ነው፤ ሸምበቆ ነበር" አለ። ገዢዎቹ መሳሳቅ ሲጀምሩ ባለሱቁ በራሱ እጅ አወረደው።

በኋላ ተበቀለኝ። ዓሣችንን ይወስድ የነበረው ሆቴል በእሱ ምክር ፊቱን አዞረብኝ። አሁን ተክለ ሃይማኖት ወስጄ እሸጣለሁ፤ ይከብዳል፣ ግን እንኖራለን። በየነ አንዳንዴ ቅርጫቴን ይሸከምልኛል። ብዙ አናወራም።

አስካለ ስለ አባቷ ስትጠይቀኝ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራታለሁ፦ ዝናብ ሲመታህ እንደምታንጎራጉር፣ ባዶ እጅህን ስትመለስ ገና ከበር ጀምረህ እንደምትስቅ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ማንም አንተን ሌላ ሰው አያደርግህም።

ባለቤትህ ዘነበች