በልብስ ማጠቢያው በር ስለገባሁበት ማክሰኞ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ የልጅ ልጆችዎም ጉንፋን እንኳ የማይደፍራቸው ይሁኑ። እኔ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሽማግሌ ስሆን፣ በሕፃናት ክፍልዎ በደም ካንሰር አምስት ወር የተኛችው የሰባት ዓመት ልጅ አያት ነኝ። ጡት ሳትተው እናቷ ስላረፈች፣ አባቷም የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የልጆችን ጠብ ሁሉ ቁጭ ብላ ሰምታ ስለምትፈርድ «ዳኛዬ» እላት ነበር። ምስጋናዬንም በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ፀጉሯ በመድኃኒቱ በረገፈ ጊዜ ከተራፊ ጨርቅ ኮፍያ ሰፋሁላት። የክፍሉ ልጆች አይተው «ለእኔስ?» ቢሉኝ፣ ልካቸውን ወስጄ ለአሥራ አንዱም ሰፋሁ። እርስዎ ግን እንግዶች ሊጎበኙ በመጡ ዕለት ክፍሉ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው ኮፍያዎቹን አስለቅመው፣ አሥራ ሁለት ፀጉር የሌላቸው ሕፃናት በመደዳ ስላሳዩን ከልብ አመሰግናለሁ። በእርግጥም አንድ ዓይነት ነበሩ። ዳኛዬ እንግዶቹ እስኪወጡ ድረስ አንሶላውን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ቆየች።

ሁለተኛ፤ እስከዚያ ድረስ ማንም ልብ ያላለውን «የአስታማሚ ካርድ ለእናት ወይም ለአባት ብቻ» የሚል መመሪያ አስታውሰው ስላጸኑት አመሰግናለሁ፤ መመሪያው እኔን ከአልጋዋ አጠገብ አንስቶ ከግቢው በር ውጭ አቆመኝ። ከጀርባዋ ፈሳሽ በመርፌ ሲቀዱላት ጣቴን ጨብጣ እስከ ሃያ መቁጠር ለምዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ቆጠረች። በእሑድ የጥየቃ ሰዓት ስገባ «አባባ፣ ያ ዘበኛ አያት የለውም እንዴ?» አለችኝ። መመሪያው የዘበኛው አለመሆኑን ልነግራት ብዬ ተውኩት፤ ያ ትንሽ ልቧ ሌላ ሰው እንዲታዘብ አልፈለግኩም። ሦስት ማመልከቻ አስገባሁ። ጸሐፊዎ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አሉኝ፤ ስብሰባው የተሳካ እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ።

ሦስተኛ፤ ማክሰኞ ጠዋት የክፍሉ ነርስ የልጅቷን መድከም አይታ፣ ማመልከቻዬ ከጠረጴዛዎ እስኪነሳ ሳትጠብቅ በልብስ ማጠቢያው በር አስገባችኝ። ዳኛዬ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «መጣህ? ቁጭ በላ» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ፣ ቀትር ሳይሆን አረፈች።

ከቀበርናት በአምስተኛው ቀን፣ ነርሷ «ያልተፈቀደለት ሰው በማስገባት» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደደረሳት ሰማሁ። በአምስት ወር ውስጥ የእኔን ጉዳይ በተመለከተ ከቢሮዎ ፈጥኖ የወጣው ወረቀት ይኸው ብቻ ስለሆነ፣ ቅልጥፍናዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ሆኖም ማስጠንቀቂያው ከእሷ ማኅደር ወጥቶ ወደ እኔ እንዲዛወርልኝ እለምናለሁ። የገባሁት እኔ ነኝ፤ እግሩም የእኔ ነው። ያቺ ሴት በሩን ባትከፍት ኖሮ፣ ልጄ መመሪያውን አክብራ ብቻዋን ትሞት ነበር።

ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ በርዎም አንድ ቀን እንዲከፈት እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ልብስ ሰፊው፣ የዳኛዬ አያት

ማስታወሻ፦ ይህን በአደባባይ የጻፍኩት ልደፍርዎ ብዬ አይደለም። በቢሮዎ ደጃፍ ያለው የአስተያየት ሣጥን እስከ አፉ ሞልቶ ወረቀቴን አላስገባ ስላለኝ ነው። ከላይ ብቅ ያለውን ሳብ አድርጌ ባየው፣ አንዲት አያት ከሁለት ዓመት በፊት የጻፉት ነው። የእሳቸውን ቢያስቀድሙ አልቀየምም።