በሳሎናችን የሞትኩ ዕለት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለምወዳት፣ ለቁጡዋ ልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ ይኸው እጽፋለሁ፤ የሞተ ሰው ደብዳቤ አይጽፍምና በዚህ እመኚኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያልደወለልሽ ሰውዬ አሁን በቀን ሦስቴ ይደውላል፤ አንቺ ደግሞ አታነሺም። ስልኬን ካላነሳሽ ዛሬ አስራ አንደኛ ቀንሽ ነው። አክስትሽም ደውላ ደውላ ደክሟታል። እንግዲህ በወረቀት ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ያ ሰርግ የሚቀርጸው ጎረቤታችን ፊልም ልሠራ ነው ብሎ መጣ። የግድያ ፊልም ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጥላ የበዛበት፣ ገዳዩ እስከ መጨረሻው የማይታወቅበት። ሳሎናችንን የመረጠው ሰፊ ስለሆነ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ኪራይ እንደማልጠይቀው ገምቶ ኖሯል። ዳይሬክተሩም፣ መርማሪውም፣ ሾፌሩም እሱው ነው። በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን በብርድ ልብሶቻችን ጋርዶ አጨለመው። የአልጋሽን ርብራብ አምፖል ፊት አቁሞ ግድግዳውን በጥላ ሸነተረው። ደሙ የቸኮላት ሽሮፕ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ማን ያውቃል? የመርማሪው ካፖርት ደግሞ የኔ ነው። እጅጌው ስለረዘመበት ሽጉጥ ሲመዝ ሽጉጡ አይታይም።

ሬሳ ለመሆን የተስማማው ፀጉር አስተካካይ በቀረጻው ቀን ጉንፋን ይዞት መጣ። መርማሪው ጎንበስ ባለ ቁጥር ሬሳው ያስላል። ሦስት ጊዜ ተደግሞ አልሆን ሲል ዳይሬክተሩ ዞር ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሞቱልኝስ?»

ምን እላለሁ፣ ተጋደምኩለት።

አክስትሽን ታውቂያታለሽ፣ ስልክ ከያዘች እጇ አያርፍም። በቸኮላት ተለውሼ፣ አፌን ከፍቼ ተዘርሬ ሳለሁ ፎቶ አንስታ ላከችልሽ። ከሥሩም «አባትሽን እዪልኝ» ብላ ብቻ ጻፈች። ፊልም መሆኑን ልትጨምር ስትል መነጽሯን የት እንዳስቀመጠችው ጠፋባት።

ቀረጻው ተጀመረ። ዳይሬክተሩ «ጋሼ፣ እስክነግርዎት እንዳይነቃነቁ፤ ባትሪው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረው» ብሎኛል። ያኔ የአክስትሽ ስልክ ጮኸ። ጆሮዋ ስለደከመ ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያው ነው የምታወራው፤ ድምፅሽ ሳሎኑን ሞላው።

«አባዬ ምን ሆነ? ማነው እንዲህ ያደረገው? አክስቴ፣ ንገሪኝ እንጂ! አባዬ! አባዬ!»

እኔ አልተነሳሁም።

ባትሪው እንዳይባክን ነው ብል ደስ ባለኝ። ለእነሱ እንደዚያ ነው ያልኳቸው። ላንቺ ግን አልዋሽም። ከአራት ዓመት በፊት ከቤት ልሂድ ስትዪኝ ብቻዬን መቅረቱን ፈርቼ «ከወጣሽ አባቴ ሞቷል በዪ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። አንቺም ቃሌን ይዘሽ ሄድሽ። ለአክስትሽ በደወልሽ ቁጥር «ሰውየው ደህና ነው?» ነው የምትዪው፤ ከጎኗ ተቀምጬ እሰማሻለሁ። ሰውየው! ታዲያ የዚያን ዕለት አባዬ ስትዪ ሰማሁ። ደህና ነኝ ብዬ ብነሳ ወዲያው ዝም እንደምትዪ ገባኝ። ትንሽ ልስማት፣ ትንሽ ብቻ፣ እያልኩ ተኛሁ። አንቺ እዚያ ስትንሰፈሰፊ እኔ መሬት ላይ ሆኜ ሳሳሁልሽ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ሲወርድ መርማሪው አየና ባርኔጣውን አውልቆ ፊቴን ጋረደልኝ። በደልኩሽ ልጄ፣ ይቅር በዪኝ።

አክስትሽ መናገሪያ ስታገኝ «ኧረ ፊልም ነው!» አለችሽ፤ ዘጋሽባት። እኔም ብሆን እዘጋባት ነበር።

ድምፅሽ ለካ ተቀርጾ ኖሯል። ዳይሬክተሩ ፊልሙ ውስጥ ላስገባው ብሎ እግሬ ሥር ወደቀ። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ የትም አይገኝም፤ ፊልሜን የሚያድነው ይሄ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የሟቹን ልጅ ሆና የምትጫወተው የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ስታለቅስ መድኃኒት አወሳሰድ የምታስረዳ ነው የምትመስለው። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ያንቺን ለቅሶ ሰው ትኬት ቆርጦ እንዲሰማው አልፈቅድም። ከማጥፋቱ በፊት አንዴ አሰማኝ አልኩት፤ አንዴ ብዬ አምስቴ አስደገምኩት። ከዚያ የሱ ጣት አልታዘዝ ስላለው እኔው ራሴ አጠፋሁት።

ብርድ ልብሶቹ ከመስኮቱ ወርደዋል፣ ወለሉም ታጥቧል። ከዚያ ወዲህ ግን ቤቱ አስቸገረኝ። ዝምታውን የለመድኩት መስሎኝ ነበር። አሁን ወጥ ቤት ሆኜ የጠራሽኝ ይመስለኝና ማንኪያዬን እንደያዝኩ ወደ ሳሎን እወጣለሁ። ናፍቀሽኛል። ይህን ለመናገር አራት ዓመት የፈጀሁት ግትር ነኝ፣ አውቃለሁ።

ሥራሽን ይባርክልሽ፣ ከጎንሽ ደግ ሰው አይጥፋ፣ ክፉ ወሬ ዳግመኛ በስልክሽ አይግባ። ተመለሺ ብዬ አላስጨንቅሽም። ስትደውዪም ልትቆጪኝ ትችያለሽ፤ እስኪበቃሽ ተቆጪ። ብቻ ከመዝጋትሽ በፊት፣ ሳትደነግጪ፣ ደህና መሆኔን እያወቅሽ፣ አንዴ አባዬ በዪኝ።

አባትሽ