ለአንድ እጅ የተሠራ መሪ

ለውድ ታላቅ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ ደህና ናቸው? የቤታችሁ ደረጃስ እንዴት ነው? ስለ ደረጃው መጠየቄ አይግረምህ፤ ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ስለ አባባ ከጠየቅኸኝ ይልቅ ስለ እሱ ያወራኸኝ ይበልጣል። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ስፌት መኪና ላይ ሲጎብጥ የሚውል ወገብ ደግሞ ባያመኝ ነበር የሚገርመው።

ይህን ደብዳቤ ያመጡልህን ሰው በር ላይ አታቁማቸው። መኪናው ከፍ ያለ ስለሆነ ሲወርዱ ደግፋቸው፤ ውሃ ስጣቸው፤ ጫማቸውን አውልቅላቸው። ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

መኪና ካነሳሁ አይቀር ስለ መኪናው ልንገርህ። ያ አሮጌ የመስክ መኪና ከእኔም ካንተም በፊት ቤታችን የገባ ነው። አባባ በበርሜል ውሃ ጭነው ለድንጋይ ፈላጮቹ እያደረሱ ያሳደጉን በእሱ ነው። አንተ ጺም ስታበቅል መኪናው ዝቅ ያለ መሰለህና ከባሌስትራው ሥር ብረት አስገብተህ አነሳኸው፤ የከባድ መኪና ጎማም አሰርክለት። ያኔ እጮኛህ ኮፈኑ ላይ ተቀምጣ የተነሳችው ፎቶ እስከ ትናንት ግድግዳችን ላይ ነበር። ፎቶው ተነሳ፣ ሥራ አገኘህ፣ ሄድክ። መሪው ለአባባ ቀረ።

የመኪናውን ገላ ስታነሳ የመሪው ዘንግ ምን ይሆናል ብለህ አላሰብክም። ድሮ አግድም ተኝቶ የነበረው ዘንግ እንደ መሰላል አጋደለ። ጎማው ድንጋይ በነካ ቁጥር መሪውን ከእጅ ይነጥቃል፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። አባባ ማታ ማታ ትከሻቸውን በሞቀ ውሃ እንዳሽላቸው ይጠይቁኝ ነበር። ሰው ሲጠይቃቸው ግን፣ ልጄ ነው እንዲህ ያሳመረልኝ ይሉ ነበር። ይህን እንድታውቀው ስለምፈልግ ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ ልጄ ነው ያሳመረልኝ ይሉ ነበር።

ከዚያ በሽታው መጣና ግራ እጃቸውን ይዞት ሄደ። እግራቸው ተረፈ፣ አፋቸውም ተረፈ። ቀኝ እጃቸው ብቻውን ያንን መሪ ሊታገል ሞከረና መኪናው የጎረቤት አጥር ጥሶ ገባ። ስደውልልህ ቁልፉን ቀሚያቸው አልከኝ። መኪናውን ከቀማኋቸው ይሞታሉ አልኩህ። ትንሽ አሰብክና ሳቅክ። ዘንጉን ፍቺውና መሪው ተሻሻለ በያቸው፣ ሽማግሌ በምን ያውቃል አልከኝ። ሐሳቡ ያንተ ነው። እጁ ግን የእኔ ነው፤ ይህንን አልክድም።

ሰፈሩ ሁሉ ጭስ የሚለውን መካኒክ ጠራሁት። ዘንጉን ፈታንና አልጋዬ ሥር ወሸቅኩት። ለአባባም መሪው አዲስ ሆኗል፣ ሞተሩ ዕቃ እስኪመጣለት ድረስ ቁጭ ብለው ይለማመዱት አልናቸው። በርጩማ ላይ ቆመው ወጡ። መሪውን በአንድ ጣታቸው አዞሩት። ከምንም ጋር ያልተያያዘ መሪ እንዴት እንደሚዞር ታውቃለህ? እንደ ወንፊት ነው የሚዞረው። ቀለለ! እጃችሁ ይባረክ! አሉን። ጭስ ፊቱን አዞረ። ከዚያ በኋላ ለወራት ቤታችን ደጃፍ አልደረሰም።

በየጠዋቱ ካፖርታቸውን ለብሰው ይወጡ ነበር። ጎረቤቶቹ በተሰበረው አጥር አሻግረው፣ ዛሬ ጉዞው ወዴት ነው? ይሏቸዋል። ወደ ልጄ ይላሉ። ጎረቤት ይስቃል። እኔም አንድ ቀን አብሬ ሳቅኩ፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሳቅኩ። ለምሳ ሲወርዱ፣ ዛሬም የለም፣ ሚስቱ ሥራ ሄዷል አለችኝ፣ ነገ እመለሳለሁ ይሉኛል። ይህን ስነግርህ፣ መስመሩ ተቆረጠ እንዴ? ብለህ ጠየቅኸኝ። መስመሩ አልተቆረጠም ነበር።

አንድ ቀን ሲወርዱ ፊት ለፊት ጎማው ጋ ቆሙ። ሹፌር ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ ጎማውን ያያል፤ አንተንም ሲያስተምሩህ በዚህ ነው የጀመሩት። እሳቸው መሪውን ሲያሽከረክሩ ውለዋል፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ዙሪያውን ሣር በቅሎበታል። ቆመው አዩት፣ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ ጥሩ አጥብቃችሁታል፣ በርቱ አሉኝ። በማግስቱም ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማን ማንን እያታለለ እንደሆነ ጠፋኝ።

የምሠራበት የስፌት ድርጅት ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር መሆኑንና አብሬ ካልሄድኩ እንጀራዬ እንደሚቋረጥ ነግሬህ ነበር። አባባን ለጊዜው ተቀበላቸው ብዬ ለመንኩህ። እኔ ለምኜህ አላውቅም፤ ያን ቀን ለመንኩህ። ደረጃው አለ አልክ። ባለቤትህ እንቅልፍ የላትም አልክ። መንገዳችሁ ጠባብ ስለሆነ መኪና አያስገባም አልክ። ማን ይዟቸው ይመጣል፣ እኔ የዓመት ፈቃድ የለኝም አልክ። በመጨረሻ ድምፅህን አለሳልሰህ፣ ራሳቸውን ችለው ቢመጡማ ደስ ባለኝ አልከኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ያን ማታ ዘንጉን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁት።

ጭስን ሄጄ እጁን ይዤ አመጣሁት። ከወደቀ መኪና ላይ ሃይድሮሊክ መሪ ነቅለን ገጠምንለት። ዘንጉን የሚይዘውን ክንድ ወደ ታች በረዘመ ቀየርነውና ዘንጉ እንደ ጥንቱ አግድም ተኛ። የላሉ መገጣጠሚያዎቹን ጥለን አዲስ አስገባን። የፊት ጎማዎቹ ከኋላቸው ይልቅ ከፊታቸው ጠበብ ማለት አለባቸው፣ ያን ጊዜ ነው መኪና ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሲለኝ፣ የሰው ወገብ በምለካበት ሜትር እኔው ለካሁለት። መሪው ላይ ደግሞ በአንድ እጅ ጨብጠው የሚያዞሩባት የእንጨት ኳስ አሰርኩላቸው። መኪናው ሥር ተኝቼ ያለቀስኩት ያኔ ነው፤ ዘይት ዓይኔ ገብቶ ነው እንዳልልህ ዘይትም ገብቶ ነበር።

ሲያልቅ ግራ እጄን በሻርፕ ከወገቤ ጋር አስሬ በድንጋዩ መንገድ ነዳሁት። አንዴም ከእጄ አልነጠቀኝም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አንተ ያበላሸኸውን እኔ ስላቀናሁ ሳይሆን፣ ያቀናሁት ወዳንተ ስለሆነ።

አንድ ጉድለት ግን አለው። ያሰርክለት ጎማ ትልቅ ስለሆነ መሪው ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ባሌስትራውን ይፈገፍገዋል። ስለዚህ እዚያ ሳይደርስ የሚያቆመው ቡሎን አስገባንበት። ሰፊ መንገድ ላይ ምንም አይል። እንዳንተ ሰፈር ባለ ጠባብ መንገድ ከገባ በኋላ ግን ዞሮ መውጣት አይችልም። ወደ ኋላ መንዳት ደግሞ አንገት መጠምዘዝና ሁለት እጅ ይፈልጋል።

ዛሬ ጠዋት መኪናው ተሠርቷል፣ ልጅዎ ይጠብቅዎታል አልኳቸው። ጫማቸውን አሰርኩላቸው፣ ካፖርታቸውን አለበስኳቸው። በርጩማው ላይ ቆመው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ በዚህኛው ጊዜስ ከጎማው ጋር አያይዘሽዋል? አሉኝ። አያይዤዋለሁ አባባ አልኳቸው። አይ የኔ ልጅ፣ ብለው ጉንጬን ዳሰሱኝ። ከዚያ ጎናቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ነይ ውጪ አሉኝ። የምሰፋው ልብስ አለብኝ አልኳቸው፤ ይህን ደብዳቤ ስጨርስ መሪው ላይ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው። ያንን ወንበር ስታየው ባዶ ነው።

ልብሳቸው በሙሉ ከወንበሩ ኋላ በጆንያ ታስሯል፤ ፎቶውንም ከላይ አድርጌዋለሁ። መድኃኒቱ በቀኝ ኪሳቸው ነው፤ የግራውን ኪስ አይችሉትም። ትልቁ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ሲቀይሩ መሪውን በጉልበታቸው ነው የሚይዙት፤ እንዴት ወረዱት ብለህ ጠይቃቸው፣ ማውራት ይወዳሉ። እኔን ግን በድሮው ስልክ አትፈልገኝ። ቤቱን ለአከራዮቹ ለቅቄያለሁ፤ የምሄድበትን ከተማ ስምም ባለፈው ስነግርህ እየሰማኸኝ አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ እጅህ ገብቶ እያነበብከው ከሆነ መሪው ጥሩ ሆኗል ማለት ነው። እጅህ ካልገባ ደግሞ የጻፍኩት ለማንም አይደለም።

ባለቤትህን ሳምልኝ። ፈጣሪ የአባባን ዕድሜ ይስጥህ። ልጆችህንም አንተን ያስመስልልህ።

ታናሽ እህትህ