ሮቤን ዝቅ ብላ ሰላም አለች ስለተባለችው ረዳት አብራሪ

ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሮቤ፣ ባሌ

ለክቡር አቶ ሙሉአለም
የደጋ ክንፍ አየር መንገድ የበረራ ዲሲፕሊንና የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ሰብሳቢ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና ጥፋተኛን በገዛ ፈቃዱ ማስረከብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለተከበረው ኮሚቴዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። አካም ጅርቱ? ወገብዎስ እንዴት ነው? ስለ ወገብዎ መጠየቄ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ ከወንበር ሳይነሱ የአንዲት ልጅ ፋይል ማገላበጥ ምን ያህል እንደሚያደክም ስለሚገባኝ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ስንዴው ደርሷል፣ ብርዱም እንደ ወትሮው ነው፤ ያጣነው እንቅልፍ ብቻ ነው።

ሻፊ ጉዲና እባላለሁ፤ ሮቤ ገበያ ስንዴና ገብስ እነግዳለሁ። ረዳት አብራሪዎ ሰቢሪና የእህቴ የዙህራ ልጅ ናት። የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ኮሚቴዎ ተሰብስቦ፣ ከበረራ እስከ መጨረሻው ትሰናበት ወይስ ለካፒቴንነት ትፈተን የሚለውን እንደሚወስን ሰምቼ፣ ከዚያ በፊት የሚከተሉትን ምስጋናዎች በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1ኛ. ትዕግሥትን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ልጅቷ የአብራሪነት ፈቃዷን ይዛ ድርጅትዎ ስትገባ ወንበር የለም ተብላ ዓመት ከመንፈቅ ሻንጣ ስታስመዝን ቆየች፤ ከዚያም አራት ዓመት በቀኝ ወንበር ተቀምጣ በረረች። እህቴ ዙህራ ስለ አውሮፕላን የምታውቀው አንድ ነገር ካፒቴን በግራ በኩል እንደሚቀመጥ ነውና፣ ልጄ ያቺን አንድ ክንድ ለመሻገር ስንት ዓመት ይፈጅባታል ብላ ትጠይቀኛለች። ከጎባ ሮቤ በሚመላለሰው ሚኒባስ ከኋላ ወንበር ወደ ጋቢና ለመዛወር ሾፌሩን ማስፈቀድ ይበቃል።

2ኛ. ድርጅትዎ ባለፈው ሚያዝያ የሮቤን መስመር ሲከፍት የመጀመሪያውን አውሮፕላን ከካፒቴኑ ጋር ይዛ የመጣችው እሷ ነበረች። ከተማው ወጥቶ እየጠበቃት ሳለ ደመናው ከሰነቴ ተራራ በኩል ወርዶ ሜዳውን ዋጠው። ካፒቴኑ አንዴ እንሞክር ቢላት፣ እኔ መሬት አይታየኝም ብላ መለሰችለት፤ ወደ አዲስ አበባም ተመለሱ። ሜዳችን ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ አቅም ያጥረዋል፣ ዘግይቶ ሐሳቡን የለወጠ አብራሪም ከተራራው በፊት ከፍታ አያገኝም። ይህን ያስረዳችኝ እሷ ናት፤ የእኔ ዕውቀት እስከ ነቀዝ ነው። ኮሚቴዎ ግን «የውሳኔ ድፍረት ይጎድላታል» ብሎ ፈተናዋን ለስድስት ወር አራዘመው። ሠላሳ ስምንት ተሳፋሪ ይዞ በሰላም መመለስ ድፍረት እንደማይባል እስከዚያ ቀን አላወቅንም ነበር።

3ኛ. ጥቅምት 9 ቀን እንደገና ልትመጣ ነው ሲባል፣ በሚያዝያ የቀረብንን ለማካካስ ሃያ ሁለት ፈረስ አሰለፍን። የክብር እንግዳን በፈረስ ወጥቶ መቀበል የባሌ ደንብ ነው። ማለዳው ጉም ነበር፤ አንዴ ይገለጣል፣ አንዴ ይከደናል። በተገለጠው መካከል አውሮፕላኑ ቁልቁል መጣ፤ ጎማው መሬት ሊነካ ሲል ሞተሩ ጮኸና በራሳችን ላይ ዝቅ ብሎ አልፎ ወደ ላይ ወጣ። እኛም እልል አልን! አዛውንቱ ሳይቀሩ ባርኔጣቸውን ወረወሩ። የገዛ ሰፈሯን ሰላም ልትል ዝቅ ያለች መስሎን ነበር። እኔም በስልኬ የቀረጽኩትን ቪዲዮ «ልጃችን ሮቤን ዝቅ ብላ ሰላም አለች! ማሻአላህ!» ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፤ እስከ ማግሥቱ አርባ ሺህ ሰው አየው። ክቡርነትዎ፣ በፋይሏ ውስጥ በማስረጃነት የተያያዘው ቪዲዮ የእኔ ነው። ዐረፍተ ነገሩም የእኔ ነው። ልጅቷን ለመወንጀል ከዐረፍተ ነገሬ ቃል ሳይቀንሱ ወደ ክስ ደብዳቤው ስላሻገሩልኝ አመሰግናለሁ፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ትምህርት እንዲህ ያለ ክብር ያገኛል ብዬ አልሜ አላውቅም።

4ኛ. አሁን በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ደብዳቤ አለ፤ የሚያዝያው ፈሪ ናት ይላል፣ የጥቅምቱ «ከመጠን ያለፈ ድፍረት» ይላል። ድፍረቷ በስድስት ወር ውስጥ ከምንም ተነስቶ ከመጠን እስከ ማለፍ ከደረሰ፣ በተከበረው ኮሚቴ ዓይን ይህ የደረጃ ዕድገት አይባል ይሆን?

5ኛ. ይህን ቁጥር መጻፍ ከብዶኝ ሦስት ቀን ቆየሁ። ሰቢሪና በዚያን ዕለት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዞራ በሰላም አርፋ ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እናቷን ስማ ስታበቃ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ አጎቴ፣ ሜዳው ላይ የገባ ፈረስ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በየት ይገባል አልኳት፤ ሳቅኩባትም። አመሻሽ ላይ ዳማ የምለው ፈረሴ ደረቱን ሽቦ ሸርክቶት፣ በታሰረበት ገመድ የአጥር እንጨት እየጎተተ ከቤቴ ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ከአውሮፕላን ሜዳው አጥር ጋር ያሰርኩት እኔ ነበርኩ፤ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ደንብሮ እንጨቱን ነቅሎ ገብቷል። ካፒቴኑ ዓይኑ መቆጣጠሪያው ላይ ስለነበር አላየሁም ብሏል፤ እሷ ግን አይታለች። አይታም ማረፉን ትታ ወደ ላይ በመመለስ ሰው፣ ፈረስና አውሮፕላን አትርፋ፣ በሪፖርቷ ላይ እንስሳ ነበር ብላ እውነቱን ጻፈች።

በማግሥቱ የድርጅትዎ ሠራተኛ መጥቶ ፈረስ አምልጦ ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቀን፣ የዳማን ነገር የነገርኳቸው ሽማግሌዎች ተያዩና አልነበረም አሉ። ለክብር ያሰለፍነው ፈረስ ልጃችንን ሊገድላት ነበር ማለት አሳፈረን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂ መሀመድአወል ጆሮዬ ላይ፣ ሻፊ፣ ዝም አይነቅዝም አሉኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ስለዚህ ኮሚቴዎ «በሜዳው ላይ እንስሳ ስለመኖሩ ማረጋገጥ አልተቻለም» ብሎ ሲጽፍ በእኛ ቃል ነው የጻፈው፤ በዚህ አልወቅስዎትም። ነቀዝ ሳይ የኖርኩ ነጋዴ ነኝና ዝምታም እንደሚነቅዝ አውቃለሁ፤ ሰባት ሳምንት ደረቴ ውስጥ ሲበላኝ ከረመ። ልጅቷ ከበረራ ታግዳ ቤት ተቀምጣ ዩኒፎርሟን በየሳምንቱ ትተኩሳለች፤ ለምን እንደምትተኩሰው ጠይቄያት አላውቅም፤ አፈርኩ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው፤ የሻፊን ጥፋት ሰቢሪና ላይ።

ስለሆነም ሐሙስ ከዳማ ባለቤት ጋር፣ ማለትም ከእኔው ጋር፣ ሐጂ መሀመድአወልም በምስክርነት ይቀርባሉ፤ እያለቀሱ እሺ ብለውኛል። የምንመጣው በአውቶቡስ ነው። በእናንተ አውሮፕላን ያልመጣነው በቅሬታ እንዳይመስልብኝ፤ ይህን ፋይል የሰማ ረዳት አብራሪ ከእንግዲህ መሬት አይታየኝም ለማለት ይፈራ ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነው። ቅጣት ካለ ለእኔ ይሁን። ለእሷ የምለምነው ምሕረት የለም፤ የተነፈገችውን ፈተና ይስጧት።

ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ከመስኮትዎም ጉም እንዲርቅ አላህን የምለምን፣

አክባሪዎ
ሻፊ ጉዲና
የስንዴ ነጋዴና የፈረስ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለእህቴ ለዙህራ (ይቅር እንድትለኝ)
ለሰቢሪና (ስለሳቅኩባት)
ለሮቤ ከተማ ሕዝብ (እልልታውን እንዲያስተካክል)

ማስታወሻ፦ ባለፈው ዓርብ ከድርጅትዎ የማስታወቂያ ክፍል ሳምራዊት የተባለች ትሁት ልጅ ደውላ ያንኑ ቪዲዮ «ሮቤን ሰላም እንላለን» በሚል ለገና ማስታወቂያ ለመጠቀም ፈቃዴን ጠይቃኛለች፤ በደስታ ፈቅጃለሁ። ጨምራም፣ አሥራ አራተኛው ሴኮንድ ላይ በግራ ጥግ እንጨት እየጎተተ ወደ ሜዳው የሚሮጥ ፈረስ ምስሉን ስለሚያበላሽ ቆርጠን ብናወጣው ቅር ይልዎታል ወይ ብላኛለች። ለዚህኛው ጥያቄዋ ገና መልስ አልሰጠሁም፤ ኮሚቴዎ ሊያረጋግጠው ያልቻለውን ፈረስ እስከ ሐሙስ አንድ ጊዜ ይየው ብዬ ነው።