ከጥገና የተመለሰው ካሜራ

ይድረስ አረርቲ ላለችው ልጄ ለማኅደረማርያም። እንዴት ከረምሽ? እኔ የደብረ ብርሃንን ብርድ እየቻልኩ አለሁ፣ ተመስገን።

ካሜራ ሠሪው ኩባንያ የእኛን የፎቶ አንሺዎቹን ካሜራዎች ብርሃን የሚቀበለውን ብልሹ ሴንሰር በነፃ ጠገነልን። ደጀኔ «እንደ አዲስ ሆነልኝ» እያለ ይመርቃቸዋል፤ ተስፋሚካኤል ሁለት ወር ሥራ አስፈቱኝ ብሎ ይራገማል። የእኔ ግን ተጠግኖም ፎቶው መሐል ያለው ጥቁር ነጥብ አልለቀቀም። ሁለቴ መለስኩት፤ «ካሜራው ጤነኛ ነው» አሉኝ። ውሸታሞች! ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን በላይነሽም «ጋሼ፣ እኔ ነጥብ አይታየኝም» ትላለች። ዝም ብለሽ ጻፊ አልኳት። ማመላለሱ ሰልችቶኛል።

ለመስቀል ስትመጪ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ስታዪኝ ቀድመሽ ጥሪኝ፤ ዘንድሮ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚለብሰው።

ቆላው ይስማማሽ፤ ደህና ሁኚልኝ።

አባትሽ ገብረ ሕይወት