ዳላት ላይ ያገኘሁት አናጺ

ሎአንዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? እናንተ ሃይፎንግ ከተማ በሙቀት ስትቀቀሉ እኔ እዚህ ዳላት ተራራ ላይ ሹራብ ደርቤ ብቻዬን እስቃለሁ።

ትናንት የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛ የምትማርበት ትምህርት ቤት ወላጆችን ጋብዞ ነበር። አስተማሪዋ ኮነር የሚባል አየርላንዳዊ ጎረምሳ ነው። አንድ አባት ተነሳና፣ «መምህር፣ ‹ሄድኩ› እና ‹ሄጃለሁ› በእንግሊዝኛ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለው። ልጁ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በመጨረሻ የመለሰውን እኔው ተረጎምኩ፦ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ አናጺ ነኝ። መልኬን አይተው ቀጠሩኝ እንጂ ምን ታውቃለህ ያለኝ የለም።»

አባትየው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺስ ማነሽ?» አለኝ።

«ዐሥራ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ።»

«ታዲያ ምን ትጎለቻለሽ? ተነሺ እንጂ!»

የትምህርት ቤቱ ባለቤት እጅጌዬን ጎተተችና፣ «ኧረ እህቴ፣ ሰዎቹ የመጡት ፈረንጅ ብለው ነው!» ብላ አንሾካሾከች። አባትየው ሰማት። «እኛ የመጣነው እንግሊዝኛ ብለን ነው!» ብሎ ጮኸ፣ ቤቱም በጭብጨባ ተናጋ።

ሎአን፣ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም! አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርኩ። ኮነር ከልጆቹ ጋር ተጣቦ ተቀምጦ ደብተር ሙሉ ጻፈ። ሲወጣም፣ «ቋንቋዬ ሕግ እንዳለው ዛሬ ገና አወቅኩ» አለኝ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። የማስተምረውን ክፍል ለፈረንጅ ሰጡብኝ ብለሽ የጻፍሽውን የስንብት ደብዳቤ እንዳታስገቢ! እማማን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም።

ያንቺዋ ዲዩ